ከወሎ ተነስቶ በአውሮፕላን ለሚጓዝ ሰው፦ ርቀትንና የበረራ ሰዓትን አስቀድሞ የማስላት መመሪያ

ደሴ ላይ «አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለው ቢጠይቁ አንዱ «አሥር ሰዓት» ይልዎታል፣ ሌላው «አንድ ሰዓት» ይልዎታል። የመጀመሪያው አውቶቡሱን፣ ሁለተኛው አውሮፕላኑን እያሰበ ስለሆነ ሁለቱም አልዋሹም። ሆኖም ጉዞውን ለሚያቅድ ሰው ሁለቱም መልሶች አይበቁም፤ ምክንያቱም መንገደኛ ማወቅ ያለበት ከቤቱ ደጃፍ ተነስቶ ከሚሄድበት ደጃፍ እስኪደርስ የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የተቀመጠው አሠራር ከወረቀት፣ ከእርሳስና ከስልክ በላይ ብዙ አይጠይቅም። ከርቀቱ ይጀምራል፣ ወደ በረራው ሰዓት ይሻገራል፣ ከዚያም ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን የቲኬት አነባበብ ሰፋ አድርጎ ያያል።

1. የትኛውን ርቀት እንደሚፈልጉ ይለዩ

በሁለት ከተሞች መካከል ሁልጊዜ ሁለት ርቀቶች አሉ፤ አንዱ የመኪና መንገዱ፣ ሌላው ደግሞ የአየሩ ቀጥታ መስመር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው የመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፤ ከዚያ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል፤ በአጣዬና በከሚሴ በኩል ቆላውን ይዞ ከተጓዘ በኋላ እንደገና ወደ ኮምቦልቻ ያቀናና በሐረጎ ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ ይገባል። አውሮፕላን ይህን ሁሉ መውጣትና መውረድ ስለማይከተል ርቀቱ በጣም ያጥራል።

ልዩነቱ በእኛ አገር ተራሮች ምክንያት አንዳንዴ ከሚገመተው በላይ ይሰፋል። ደሴና ላሊበላ ሁለቱም ወሎ ውስጥ ናቸው፤ በአየር ቢለካ በመካከላቸው ያለው ርቀት 120 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በመኪና ግን በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያ መድረስ፣ ከዚያ ወደ ጋሸና መውጣትና እንደገና ወደ ሰሜን መታጠፍ ግድ ስለሆነ ጉዞው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። «ቅርብ ነው» የሚለውን ቃል እኛ አካባቢ በካርታ ብቻ አይቶ ማመን የማይገባው ለዚህ ነው።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ደሴ ከተማ ውስጥ የአውሮፕላን ማረፊያ የለም፤ ደሴን የሚያገለግለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮምቦልቻ ላይ የሚገኘው ማረፊያ ነው። ቲኬት ላይ «ዲ-ኤስ-ኢ» ተብለው የሚነበቡት ሦስት የላቲን ፊደላት ከደሴ ስም የተወሰዱ ቢሆኑም የሚያመለክቱት ይህንኑ የኮምቦልቻ ማረፊያ ነው። የላሊበላው መለያ «ኤል-ኤል-አይ»፣ የቦሌው ደግሞ «ኤ-ዲ-ዲ» ነው። የሚለካው ርቀት ከማረፊያ እስከ ማረፊያ መሆኑን ከመጀመሪያው ልብ ይበሉ።

2. የአየሩን ርቀት ያስሉ

ስማርት ስልክ ያለው ሰው በጉግል ማፕስ ላይ የመነሻውን ማረፊያ በጣቱ ተጭኖ ይያዝ፤ ምልክቱ ሲወጣ ርቀት የሚለካበትን ምርጫ ነክቶ ካርታውን ወደ መድረሻው ማረፊያ ቢገፋ ቀጥታው ርቀት በኪሎ ሜትር ይመጣለታል። የወረቀት ካርታ ያለው ደግሞ ሁለቱን ቦታዎች በማስመሪያ ይለካና በካርታው ግርጌ በተጻፈው መጠን ያባዛው። ለምሳሌ መጠኑ 1 ለ2,000,000 ከሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ በዚህ ካርታ ላይ ከቦሌ እስከ ኮምቦልቻ ከ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል በጥቂት ይበልጣል።

በስሌት ማግኘት ለሚፈልግ፣ በተለይ ለተማሪዎች፣ የሚከተለው መንገድ ጥሩ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለው የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ እየራቅን በሄድን ቁጥር ስለሚጠብብ፣ በ10 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ 111ን በ0.985 አባዝቶ መጠቀም ያስፈልጋል። ቦሌ በ8.98 ዲግሪ ሰሜንና በ38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል፤ የኮምቦልቻው ማረፊያ ደግሞ በ11.08 ሰሜንና በ39.71 ምሥራቅ ላይ ነው። የኬክሮሱ ልዩነት 2.10 ስለሆነ በ111 ሲባዛ 233 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኬንትሮሱ ልዩነት 0.91 ስለሆነ በ111 እና በ0.985 ሲባዛ 99.5 ኪሎ ሜትር ይመጣል። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ቀጤ ማዕዘን ጎኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተን፣ ደምረን፣ የድምሩን ዳግም ዘር ስናወጣ 253 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። የመኪናውን 400 ኪሎ ሜትር ከዚህ ጋር ሲያስተያዩ ጣርማ በርና ሐረጎ ምን ያህል እንደሚያስዞሩን ይታያል። በዚሁ መንገድ ከቦሌ እስከ ላሊበላ ማረፊያ ሲሰላ 332 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከወሎ ብዙ ሰው ወደሚሄድባት ወደ ጅዳ የሚደረገው በረራ ደግሞ ለማስላት ይቀላል። ጅዳ ከቦሌ ጋር በአንድ ኬንትሮስ ላይ ያለች ያህል ናት፤ ስለዚህ የኬክሮሱን ልዩነት 12.7 ዲግሪ በ111 ማባዛት ብቻ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰጠናል። ዱባይ በአየር 2,520 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ እዚህ ላይ የቀጤ ማዕዘኑ ስሌት በጥቂቱ መሳት ስለሚጀምር ስልኩን ማመን ይሻላል።

ለሩቅ አገር ይህ የወረቀት ስሌት ጨርሶ አይሠራም፤ ምድር ክብ ናትና። ትምህርት ቤት ያለ ሉል ካገኙ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ላይ ክር ወጥረው ይመልከቱ። ክሩ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ እንደሚመስለን አፍሪካን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ምዕራብ አይሄድም፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ፣ በሰሜን አፍሪካ አልፎ፣ በፖርቱጋል ላይ አድርጎ አትላንቲክን ያቋርጣል። ርዝመቱ ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

3. ርቀቱን ወደ በረራ ሰዓት ይለውጡ

የሚያስፈልገው የአውሮፕላኑ ፍጥነትና ለመነሻና ለማረፊያ የሚጨመር ግማሽ ሰዓት ነው። በአገር ውስጥ መስመር የምናየው ባለ ሁለት ማራገቢያ ኪው400 አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበርራል። ቦይንግ 737 ከ830 እስከ 840፣ ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 ደግሞ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ግማሹ ሰዓት የሚጨመረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ ወደ መንደርደሪያው ሲሄድ፣ ሲወጣ፣ ሲወርድና ካረፈም በኋላ ወደ መቆሚያው ሲያዘግም ይህ ፍጥነት ስለማይኖረው ነው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜም ከቆመበት ተነስቶ እስኪቆም ያለውን ሁሉ የሚይዝ ነው።

እንግዲህ ለኮምቦልቻ 253ን ለ600 ሲያካፍሉ 25 ደቂቃ ያህል ይመጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 55 ደቂቃ ይሆናል። ላሊበላ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ጅዳ 1,400 ለ830 ተካፍሎ፣ ግማሽ ሰዓት ተጨምሮ፣ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚሄድ ሰው ይህን ቁጥር ልብ ቢለው ይጠቅመዋል፤ ሚቃቱ፣ ማለትም ኢህራም ለብሶ መገኘት የሚገባበት ወሰን፣ ከማረፊያው በፊት የሚታለፍ በመሆኑ፣ በዚህ አጭር በረራ ውስጥ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ልብስ ከመቀየር ኢህራሙን ከመሳፈሩ በፊት ለብሶ መነሳት ይቀልለታል።

በዱባይ መስመር ስሌቱ 3 ሰዓት ተኩል ቢሰጥም መርሐ ግብሩ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። አውሮፕላኖች ጦርነት ያለበትን አገር ሰማይ ዞረው ስለሚያልፉ መስመሩ ቀጥታ አይሆንም። በረጅም በረራ ላይ ደግሞ ነፋስ አለ። ከፍ ባለው ሰማይ፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ስላለ ከአሜሪካ ሲመጡ ይገፋል፣ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ይገታል። በዚህ ላይ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ማረፊያ ነው፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ክንፉም ሞተሩም እንደ ባሕር ዳርቻ ማረፊያዎች ያህል ክብደት ማንሳት አይችሉም። ስለዚህም ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን 13 ሰዓት ያህል በርሮ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። የመሄጃውንና የመመለሻውን ሰዓት እኩል ነው ብሎ ማስላት እንደማይገባ ከዚህ ይታያል።

4. ቲኬቱን በእኛ ሰዓት ያንብቡ

ይህን ክፍል ከሁሉም አስበልጬ እንዲነበብ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ርቀቱን በትክክል ያሰላ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ስቶ በረራው ያመልጠዋል። በእኛም ቤት ደርሷል። የአክስቴ ልጅ ለሥራ ወደ ጅዳ ስትሄድ ቲኬቷ ላይ «ረቡዕ 01:15» የሚል ተጽፎ ነበር። ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ነበርኩ፤ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ መስሎኝ ለሁሉም ያንኑ ነገርኳቸው፤ ቲኬቱን የቆረጠልን ቢሮም ያስረዳን ነገር አልነበረም። ማክሰኞ ንጋት ላይ ከደሴ መናኸሪያ አሳፈርናት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ዘመድ ቤት አድረን ረቡዕ ከለሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ሱብሂ አዛን ሳይል፣ ቦሌ በር ላይ ደረስን። ጥበቃው ወረቀቱን በባትሪ ብርሃን አየና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሄዷል፤ መምጣት የነበረባችሁ ትናንት ማታ ነው» አላት። አክስቴ የቋጠረችላትን በሶና ቆሎ እንደታቀፈች ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ለአዲሱ ቲኬት የተከፈለው ገንዘብ ከዘመድ የተበደርነው ነበር።

ስህተቱ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሰዓቱ፣ ሌላው ቀኑ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 የሚቆጥር ነው፤ የእኛ ሰዓት ግን ከንጋትና ከምሽት ይጀምራል። የሚለወጠውም እንዲህ ነው። ከ00:00 እስከ 06:59 የተጻፈ ከሆነ 6 ይደምሩ፤ የሌሊት፣ ወይም መጨረሻው ላይ የንጋት ሰዓት ይሆናል። 01:15 ከለሊቱ 7፡15 ነው ማለት ነው። ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ይቀንሱ፤ 07:30 ከጠዋቱ 1፡30፣ 13:00 ከቀኑ 7፡00 ይሆናል። ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ይቀንሱ፤ 22:15 ከምሽቱ 4፡15 ነው።

ቀኑ ከሰዓቱ ይልቅ ያሳስታል። በእኛ አነጋገር ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ የባለፈው ቀን ሌሊት ነው፤ በቲኬቱ ቆጠራ ግን ከእኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከለሊቱ 6 ሰዓት፣ አንድ ደቂቃ እንዳለፈ አዲሱ ቀን ገብቷል። ስለዚህ «ረቡዕ 01:15» ማለት ማክሰኞ መሽቶ፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከለሊቱ 7፡15 ማለት ነው። አማርኛችን «ለረቡዕ አጥቢያ» የሚል ቃል ስላለው ይህን ያለ ምንም ብዥታ መግለጽ ይችላል፤ በዚህ ቃል መጻፍና መናገር ልማድ ቢሆን ብዙ ሰው ከመንከራተት ይድናል ብዬ አምናለሁ። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ከ00 እስከ 05 ባለው ቁጥር ከጀመረ ወዲያውኑ ቆም ብለው «ቦሌ የምገባው በዋዜማው ማታ ነው» ብለው ይጻፉ። ወርና ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛ ሲለውጡ የሳምንቱን ስም አብረው ያስተያዩ፤ ቁጥሩ ቢሳሳት እንኳ ረቡዕ በሁለቱም አቆጣጠር ረቡዕ ነው።

5. የሁለቱን አገሮች የሰዓት ልዩነት ያንሱ

ቲኬት የመነሻውን ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻውን በመድረሻው አገር ሰዓት ይጽፋል። ጅዳና ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ስለሆኑ የሚቀነስ የለም። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ለምሳሌ ከቦሌ 23:00 ተነስቶ 04:00 ዱባይ የሚደርስ በረራ ቢኖር በወረቀቱ 5 ሰዓት ይመስላል፣ በአየር ላይ ግን 4 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በቀዝቃዛው ወራታቸው 8፣ በሞቃቱ ወራታቸው 7 ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ትቀራለች፤ ከመድረሻና ከመነሻ ልዩነት ላይ ይህን ሳይቀንሱ የመመለሻ በረራን ርዝመት ማወቅ አይቻልም።

6. ከበረራው ሰዓት ወደኋላ እየቆጠሩ ከቤት መውጫዎን ይወስኑ

ከኮምቦልቻ 13:00 ላይ፣ ማለትም ከቀኑ 7 ሰዓት፣ የሚነሳ በረራ አለ እንበል። ሁለት ሰዓት ቀድሞ ለመገኘት ማረፊያው ላይ 5 ሰዓት መድረስ ይገባል። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ፣ መኪናው እስኪሞላ መጠበቁን ጨምሮ፣ አንድ ሰዓት ይያዝለት፤ ከቤት መውጫው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል። አውሮፕላኑ ወደ 8 ሰዓት ገደማ ቦሌ ያርፋል፤ ሻንጣ ተቀብሎ፣ ታክሲ ይዞ ሰፈር ለመድረስ 9፡30 ይሆናል። ድምሩ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ከለሊቱ 11 ሰዓት በአውቶቡስ የተነሳ ጎረቤትዎም መንገዱ ከቀናው አዲስ አበባ የሚገባው ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው። የመግቢያችሁ ሰዓት ይቀራረባል፤ እርስዎ ያተረፉት የጠዋቱን እንቅልፍና የሰውነትዎን ድካም ነው። ለታመመ፣ ለአረጋዊ፣ ሕፃን ለያዘች እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለጤነኛ ወጣት ግን ገንዘቡን ከዚህ ጋር አስተያይቶ መወሰን የራሱ ፋንታ ነው። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ደግሞ ምርጫው ሌላ ይሆናል።

ከወልድያ የሚነሳ ሰው ኮምቦልቻ ለመድረስ 145 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ስለሚሄድ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይጨምር።

ከኮምቦልቻ ቦሌ ደርሰው ወደ ውጭ አገር የሚቀጥሉ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የውጭ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘትን ይፈልጋል፤ ከአገር ውስጥ መንገደኞች መውጫ ወደ ውጭ በረራ መግቢያ መዛወሩም ጊዜ ይወስዳል። ከዚህም በላይ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ተራሮቹን ሸፍኖ በረራ የሚዘገይበት ወይም የሚሰረዝበት ቀን ስላለ፣ ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ከሆነ በክረምት አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ መግባትን አጥብቄ እመክራለሁ።

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛው ቲኬት «ቅዳሜ 02:40» የሚል ነበር። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ሦስት ሰዎች በየተራ አነበብነው፤ ከዚያም በእርሳስ በትልልቁ ጽፈን፣ ሐሙስ ማታ ባረፍንበት ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፦ «ዓርብ ከምሽቱ 4፡30 ከቤት መውጫ። ዓርብ ከለሊቱ 5፡40 ቦሌ መግቢያ። ለቅዳሜ አጥቢያ ከለሊቱ 8፡40 መነሻ። ሱብሂ ሳይደርስ ጅዳ መግቢያ።»